አኔዞ ተቀምጣለች

ተቀመጡ። በዚህ ዋሻ ደጃፍ ቆሞ ወሬ አይሰማም። አንተም ኮፍያህን የያዝከው እንግዳ፣ ተቀመጥ፤ አመድ ነው፣ ስትነሣ ታራግፈዋለህ። የምነግራችሁ ስለ ተቀመጠች ሴት ነው። ስለ ተቀመጠች ሴት ቆሞ የሚያዳምጥ ካለ እኔ አፌን እዘጋለሁ። እሺ? እሺ።

ድሮ ነው። በጣም ድሮ። ተራራው እሳቱን ተፍቶ ተፍቶ ደክሞት በተኛበት፣ አያቶቻችን ግን ገና ባልተኙበት ዘመን ነው። ይህ የምታዩት ባሕር ያኔም እንዲሁ ክብ ነበር። መሐሉ ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ያኔም ያጨስ ነበር። መንደራችንም ያኔ እዚሁ ገደል አፋፍ ላይ ተንጠልጥላ ነበር። በዚያች መንደር አኔዞ የምትባል ሴት ነበረች።

አኔዞ ማን ነበረች? ማንም አልነበረችም። የሰው እርከን ላይ ወይን ስታጥፍ የምትውል ድሀ ሴት ናት። ባሏ ሌፍተሪስ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ አንድ የብርድ ወቅት ባሕሩ ወሰደው። የእኛ ባሕር ደግሞ የወሰደውን አይመልስም። ተራራው የፈነዳ ጊዜ መሬቱ ወደ ውስጥ ስለ ገባ ወለል የለውም። ገመድ ብትጥሉበት ገመዱ ያልቃል እንጂ አፈር አይነካም። መርከብ መልሕቅ ቢጥል መልሕቁ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ይመጣል። ሌፍተሪስ እዚያ ገባ። ሬሳው አልተገኘም፣ መቃብርም የለው።

ለአኔዞ የቀራት አንዲት ጠባብ እርከን፣ አንዲት አህያ፣ አንድ ምላስም ነበር። ከሦስቱ የሚበረታው ምላሷ ነበር ይላሉ።

እንግዲህ እናንተ ከሌላ አገር የመጣችሁ፣ ወይን ማለት ቀጥ ብሎ ቆሞ በእንጨት ተደግፎ የሚያፈራ ይመስላችኋል። እዚህ የቆመ ወይን ነፋስ ይገነጥለዋል። ስለዚህ የእኛ ወይን ይቀመጣል። በብርድ ወራት ሰው መሬት ላይ ቁጭ ይልና ሐረጉን እያጠፈ፣ እያዞረ፣ በግንዱ ዙሪያ ቅርጫት አድርጎ ይጎነጉነዋል። ፍሬው በቅርጫቱ ውስጥ ከነፋስ ተሸሽጎ ይበስላል። በበጋው ዝናብ የሚባል የለም። እግር የምንፍቅበት ያ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ማለዳ ከባሕር የሚነሣውን ጉም ይጠጣል፣ ለሥሩም ያጠጣዋል። ቅርጫቱ ሲያረጅ ይቆረጣል፣ ሥሩ አዲስ ይልካል። የተቆረጠው ቅርጫት ይነድና ክክ ይቀቀልበታል፤ ዛፍ የለንማ። ክኩ ፈርሶ ገንፎ ሲመስል ሽንኩርትና የወይራ ዘይት ይደረግበታል፣ ከገደሉ የተለቀመ ጨው የጠጣ እምቡጥም ጣል ጣል ይደረግበታል። ከዚህ የሚበልጥ ምግብ አለ የሚል ሰው አልበላም ማለት ነው።

ከኋላዬ ባለው በዚህ ዋሻ ውስጥ ደግሞ አንድ በርሜል አለ። ማን እንደ ሠራው አይታወቅም። ከበሩ ይበልጣል፤ ሳንቃው አንድ በአንድ ገብቶ ውስጥ ነው የተገጠመው፣ ስለዚህ ወጥቶ አያውቅም። ለቀማ ሲያልቅ ወይኑን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። ተጨማዶ ዘቢብ ልሁን ልሁን ሲል እንረግጠዋለን። የሚወጣው ጥቂት ነው፣ ግን እንደ ማር ወፍራም ነው። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ቤት አንድ ጽዋ አምጥቶ በርሜሉ ውስጥ ይጨምራል። ያገባ በስሙ ይጨምራል። የሞተበትም በሟቹ ስም ይጨምራል። በጥቅምት፣ በበርሜሉ ቀን፣ ይከፈታል። ከዚያ ለቁርባን ይቀዳል፣ ለተዝካር ይቀዳል፣ ለአራስ ይቀዳል። የሚቀዳው ከሚጨመረው በልጦ አያውቅም፣ በርሜሉም ባዶ ሆኖ አያውቅም። የአያት ቅድመ አያቶቻችን ጠብታ እስከ ዛሬ እዚያ ውስጥ አለ።

ሌፍተሪስ የጠፋ ዓመት አኔዞ በስሙ አንድ ጽዋ ጨመረች። ጨምራም በርሜሉን በእጇ መታ መታ አደረገችው። «እንግዲህ መቃብርህ ይኼ ነው» አለች። ከዚያ ወዲያ ሰው ወደ መቃብር አበባ ይዞ ሲሄድ እሷ ወደዚህ ዋሻ ትመጣ ነበር።

መጀመሪያ የሆነው በብርድ ወራት ነው።

የደሴቶቹ ጌታ ሽማግሌው መስፍን ሞተ፣ ልጁ ጓልቴሮ ወረሰ። ጓልቴሮ ከምዕራብ የመጣ ዘር ነው፤ ምሽጉም ከዚህ ማዶ በሌላ ደሴት ነው። የእኛን ወይን ከልጅነቱ ጠጥቷል፣ የእኛን ፊት ግን አይቶ አያውቅም። ርስቴን ልይ ብሎ መጣ። ምስለኔው ዞርዚስ ከፊት ከፊት እየሮጠ «ተነሡ! ተነሡ!» ይላል። ዞርዚስ የዚሁ አገር ልጅ ነው፣ እናቱ ታች ሰፈር ክክ ትሸጥ ነበር፤ ሲሾም ግን ድምፁ ተለወጠ። በእኛ አገር ሰው ሲመጣ ተቀምጦ መቀበል ነውር ነው። ብድግ ይባላል፣ «ኖር!» ይባላል፣ መጪውም «በእግዜር!» ይላል። ስለዚህ ሰዉ ሁሉ በየእርከኑ ተነሣ። ባርኔጣ ያለው ባርኔጣውን አወለቀ። አኔዞ ግን ተቀምጣለች።

ጌታው በቅሎውን አቆመ።

«አንቺ ሴት፣ ተነሺ እንጂ!» አላት ዞርዚስ።

«እጄን ይዞኝ ነው» አለች።

«ማን ያዘሽ?»

«ወይኑ።» ከዚያ ወደ ጌታው ቀና ብላ «ጌታዬ፣ ሐረጉን አጥፌ ግማሽ አድርሼዋለሁ። አሁን ብለቀው ይሰነጠቃል፣ የዘንድሮ ፍሬው ሄደ ማለት ነው። ልጨርስና እነሣለሁ፤ ጥቂት ይታገሡኝ» አለች።

«ለእኔ ስትይ ይሰንጠቅ!» አለ ጓልቴሮ።

«ለእርስዎ ስል? የሚጠጡት እኮ እርስዎ ነዎት።»

ሰዉ ሳቁን ዋጠ። ጌታው ቀላ። መጠበቅ ይችል ነበር፣ ብዙም አይቆይም ነበር፤ ግን ጌታ ሐረግ እስኪጠመዘዝ ቆሞ ከጠበቀ ምኑን ጌታ ሆነ? «አህያዋን ውሰዱ» ብሎ በቅሎውን ኮለኮለ። አህያዋን ፈትተው ወሰዱ። አኔዞ እጇን ከሐረጉ ሳታነሣ «ትሂድ፤ እሷ ድሮም መቆም ትወዳለች» አለች።

ቅርጫቱን ጎንጉና ጨረሰች። ከዚያ ተነሣች። ቀሚሷን አራገፈች፣ ማንም ለሌለበት መንገድ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። ልጨርስና እነሣለሁ ብላ የለ? ቃሏን ጠበቀች።

ጌታው ግን በእሷ ብቻ አልተወውም። የመንደሩን ሁሉ ግብር ጨመረ። ሰዉም ጌታውን መጥላት ትቶ አኔዞን ጠላ፤ እሷ ቅርብ ናታ፣ እሱ ሩቅ ነው። ከሁሉ የባሰው ያኩሚስ የሚባለው ባለ በቅሎ ነበር። ያኩሚስ የእኔ የቅድመ አያቴ ቅድመ አያት ነው፣ ስለዚህ ባማው መብቴ ነው። «ለጌታ ያልተነሣች ሴት፣ እኛ ለእሷ ምን ልንነሣ?» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አኔዞ ሰው ቤት ስትገባ «ኖር» የሚላት ጠፋ። ተቀምጠው ያዩዋታል። እሷም «በእግዜር» ትላለች፣ ማንም ኖር ሳይላት፣ ራሷን ጎንበስ አድርጋ። ይህ ያማል። አህያ ከመቀማት የበለጠ ያማል።

ሁለተኛው በመርገጫው ወራት ነው።

ጓልቴሮ ምሽጉ ውስጥ ሆኖ አልረሳም። ወይኑ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሳለ ትእዛዝ ላከ። ከዘቢቡ ወይን አንዲት ጠብታ መንደር ውስጥ አትቀርም፣ ወደ በርሜሉም አትገባም፣ ሁሉም ወደ መርከብ ይወርዳል። መንደሩ የተረገጠውን ልጣጭ በውኃ አጥቦ ይጠጣ። በርሜል ደግሞ እየተቀዳለት ካልተጨመረበት ምን ይሆናል? ይጎድላል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ከዚያ ማገዶ ነው።

ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ተነጋገሩ፣ ተነጋገሩ፣ መጨረሻ ያኩሚስ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አለ፣ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አኔዞ ከበሩ አጠገብ ነበረች። «ሰማይስ የማይታረሰው ስለማይደረስበት ነው። በርሜሉ ግን ይኸው፣ ከእናንተ ጀርባ ነው» አለች።

የመርገጫው ቀን ደረሰ። መጥመቂያው ያኔም በድንጋይ የተሠራ ጎድጓዳ ነበር። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ታጥቀው ይረግጣሉ። ዞርዚስ በሩ ላይ ቆሞ የሚወጣውን ገንቦ ሁሉ ያሸታል፣ ማሰሮውን ይገለብጣል፣ ቅል ሳይቀር አንገቱን ይዞ ይነቀንቃል። ጠብታ የምታልፍበት ቀዳዳ የለም።

አኔዞ የዚያን ቀን የብርድ ወራት ቀሚሷን ለብሳ መጣች። ወፍራም የበግ ጠጉር ቀሚስ ነው፣ መሬት ይጠርጋል። በዚያ ሙቀት! ሴቶቹ «አብዳለች» ተባባሉ። ገብታ ረገጠች፣ ረገጠች። ጭማቂው ጉልበት ላይ ሲደርስ ቀሚሷን ከመታጠቂያዋ ፈታችው። ከዚያ «ኧረ ወገቤን!» ብላ መጥመቂያው መሐል ዘጭ አለች።

ዞርዚስ እስኪያንቀው ሳቀ። «እዚህም ተቀመጥሽ? ተነሺ እንግዲህ!»

«ምስለኔ፣ ወገቤ እንቢ አለኝ እኮ፤ ትንሽ ልረፍ» አለች።

አረፈች። ቀሚሱም ጠጣ። ጠጥቶ ሲጠግብ በሁለት ሴቶች ተደግፋ ተነሣች። ባዶ እጇን በዞርዚስ ፊት አለፈች፣ እሱም እጇን አይቶ አሳለፋት። እየተንጠባጠበች በመንደሩ መሐል ሄደች። ንቦች ተከተሏት። ዋሻው ውስጥ ሙቀት የሸሹ ወንዶች ከነያኩሚስ ተቀምጠዋል፣ ቄሱም አባ ስታማቲስ በርሜሉ አጠገብ ነበሩ። ኖር ያላት የለም። «በእግዜር» አለች፣ በርሜሉ ላይ ወጣች፣ የቀሚሷን ጠርዝ አፉ ላይ ይዛ ጨመቀችው። ዙሪያውን እየዞረች ጨመቀችው።

አባ ስታማቲስ አፋቸውን ያዙ። «ልጄ፣ ይህ ለቁርባን የሚሆን ነው። ቀሚስሽ ንጹሕ ነው?»

«አባ፣ የስንቱ እግር ሲረግጠው አልጠየቁም፤ ቀሚሴስ ትናንት ታጥቧል» አለች። የመጨረሻውን ጠብታ ስትጨምቅ «ስለ ሌፍተሪስ» አለች። ወርዳ ሄደች።

በማግስቱ የያኩሚስ ሚስት መጥመቂያው ውስጥ ወደቀች። ከሰዓት የቄሱ ሚስት ወደቀች። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አንዲት ሴት ትወድቃለች። በመንደሩ እንዲህ የሚያዳልጥ ዓመት ታይቶ አይታወቅም። ያን ሰሞን በዚያ ሐሩር የብርድ ወራት ቀሚስ ያልለበሰች ሴት አልነበረችም ይባላል። ዞርዚስ መጀመሪያ ሳቀ፣ ኋላ የሴቶቹን እጅ ይፈትሽ ጀመር። እጅ ላይ ምን ይገኛል? ባሎቻቸውም ያዩትን እንዳላዩ ሆኑ። ግን ተመልከቱ፣ ያን ሁሉ እያደረጉ እንኳ አኔዞ ስትገባ የሚነሣላት አልነበረም። ሰው ጉድ ነው።

ሦስተኛው በጥቅምት ነው፣ በርሜሉ በሚከፈትበት ቀን።

በርሜሉ ሲከፈት ሽታው ቁልቁል ይወርዳል፣ ከወደቡ ይሸታል። ዞርዚስ አሸተተ። ሙሉ በርሜል እንዴት እንደሚሸት ያውቃል፣ እዚሁ ነው ያደገው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፣ ሹመቱንም እንዳያጣ ፈራ። ጌታው ግብሩን ሊጭን መርከብ ይዞ ወደቡ ደርሶ ነበርና ሮጦ ነገረው። ጓልቴሮ ወታደሮቹን ይዞ ወደ ላይ ወጣ። የገደሉን ደረጃ አያችሁት፤ እየተጠማዘዘ ይወጣል፣ አንድ በቅሎ እንጂ ሁለት አያሳልፍም። ሰዉ ደግሞ የበርሜሉን ቀን ሊያከብር እዚህ ደጅ ተሰብስቧል። አኔዞ የዋሻው ደጃፍ ላይ ነበረች።

«በርሜሉን አውጡ» አለ ጌታው።

«አይወጣም፣ ከበሩ ይበልጣል» አሉ አባ ስታማቲስ።

«እንግዲያው አቁማዳ ሙሉበት። እስኪደርቅ ድረስ ቅዱት። አንቺ፣ ተነሺ።»

አኔዞ ግን ተቀምጣለች።

አንድ ወታደር መጣና እንደ ከረጢት ብድግ አድርጎ ከበሩ ወዲያ አስቀመጣት። «እግዜር ይስጥህ» አለችው፣ ተመልሳም ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። አሁንም አንሥቶ አስቀመጣት። አሁንም ተመልሳ ተቀመጠች። ሦስተኛ ጊዜ ወረወራት። ክርኗ ተላጠ። ወታደሮቹ ገቡ፣ የበርሜሉን ውታፍ ነቀሉ፣ መቅዳት ጀመሩ። ከውጭ ድምፁ ይሰማል፣ ቀስ ብሎ እየወረደ። አኔዞ ያን ጊዜ አለቀሰች። ባሏ ሁለተኛ ሲወሰድ ይሰማታል። ሰዉም ቆሞ ይሰማል፣ ግን እያንዳንዱ መሬት መሬት ያያል።

እንባዋን በቀሚሷ ጠረገች። ተነሣችና ሄደች። ዞርዚስ ተሸነፈች ብሎ ፈገግ አለ። እሷ ግን ሩቅ አልሄደችም። ከደረጃው የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ፣ መሐሉ ላይ፣ ተቀመጠች።

የመጀመሪያዎቹ አቁማዳዎች በያኩሚስ በቅሎ ላይ ተጫኑ። ያኩሚስ በቅሎውን እየጎተተ ደረጃው ጫፍ ደረሰና ቆመ።

«አኔዞ፣ ተነሺ እባክሽ» አለ በቀስታ። «ያስገርፈኛል።»

«ባሌ በቅሎህ ላይ ነው ያኩሚስ» አለች። «አባትህም በቅሎህ ላይ ነው።»

«ንዳ! በላይዋ ንዳ!» አለ ጌታው ከኋላ።

ያኩሚስ ዞሮ አቁማዳውን አየ። አባቱ የሞተው ባለፈው ዓመት ነው፤ ጽዋውን በገዛ እጁ ነበር የጨመረው። ብዙ አየው። ከዚያ ገመዱን ለቀቀና ከአኔዞ በታች ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ምን ሆነህ ነው?» አለ ዞርዚስ።

«ደከመኝ» አለ ያኩሚስ።

ጌታው በአለንጋ ጀርባውን መታው። ያኩሚስ ጮኸ፣ ግን አልተነሣም። ሚስቱ መጥታ ከእሱ በታች ተቀመጠች። የቄሱ ሚስት ተቀመጠች። ሸማኔው ተቀመጠ፣ ሟርተኛዋም ተቀመጠች፣ እርስ በርስ የማይነጋገሩ ወንድማማቾችም ጎን ለጎን ተቀመጡ። አባ ስታማቲስ መጎናጸፊያቸውን ሰብስበው «ኧረ እኔም ጉልበቴን» እያሉ ተቀመጡ። ደረጃው ከላይ እስከ ወደቡ በሰው ተሞላ። ወታደሮቹ በቅሎዋን ሊጎትቱ ሞከሩ። በቅሎ ሰው አትረግጥም፤ ጆሮዋን አስተኝታ እንቢ አለች። በዚያች መንደር የዚያን ቀን እንቢ ያላለ ፍጥረት አልነበረም።

ጓልቴሮ ንዴቱ አናቱ ላይ ወጣ። «ወይናችሁን አቃጥላለሁ! አንድ ቅርጫት አላስቀርም!»

«ያቃጥሉታ» አለች አኔዞ። «እኛም አሮጌውን እየቆረጥን ክክ እንቀቅልበታለን። ሥሩ ከመሬት በታች ነው ጌታዬ፣ እሱን ተራራውም አላቃጠለው።»

ይህን ስትል ሴቶቹን ትዝ አላቸው። የበዓል ክክ ተጥዶ ነበራ! እንዳያርባቸው ከደጁ ምድጃ አነሡት፣ በየደረጃው በሳህን እየተቀባበሉ አወረዱት። ሽታው የሚገርም ነው። ሰዉ ተቀምጦ ይበላል። ወታደሮቹ ደግሞ ከሌሊት ጀምሮ በባሕር ላይ ናቸው፣ የበሉት ደረቅ ዳቦ ነው። አንዲት አሮጊት ለአንዱ ሳህን ዘረጋችለት። ጌታውን አየ፣ ሳህኑን አየ። ቆሞ ክክ አይበላም፣ ይፈሳል። ተቀመጠ። ጓደኛውም ተቀመጠ። አኔዞን የወረወራት ወታደር እንኳ መጥቶ ተቀመጠ፣ እሷም የሽንኩርቱን ሳህን ወደ እሱ ገፋችለት። በመጨረሻ ከገደሉ አፋፍ እስከ ባሕር ድረስ የቆመ ሰው አንድ ጓልቴሮ ብቻ ሆነ።

«እስከ መቼ ነው እንዲህ የምትቀመጡት?» አለ።

«እስኪሄዱ ድረስ።»

«እኔም አልሄድም! እዚሁ አድራለሁ!»

አኔዞ ያን ጊዜ ሳቀች። ወደ ታች፣ ወደ ክቡ ባሕር በጣቷ አሳየችው። «የእርስዎ መርከብ መቀመጥ አትችልም ጌታዬ። እኛ እንችላለን።»

እውነቷን ነው። ነፋሱ እየዞረ ነበር። መልሕቅ የሚይዝ ወለል የለም፤ መርከቢቱ በገመድ ብቻ ታስራ ከድንጋዩ ጋር ትጋጫለች። የመርከቡ አለቃ ከታች እጁን አፉ ላይ አድርጎ ይጮኻል፦ አሁኑኑ ካልመጣችሁ ገመዱን ቆርጬ እሄዳለሁ ይላል። ጓልቴሮ አቁማዳዎቹን አየ፣ መርከቡን አየ፣ ሴትዮዋን አየ። ወደ ባሕር ከመውረዱ በፊት አንድ ነገር ብቻ አደረገ። ከምድጃው የሚነድ እንጨት አነሣና ከዋሻው ጎን ያለውን፣ በብርድ ወራት ተቀምጣ ያያትን፣ የአኔዞን እርከን በገዛ እጁ ለኮሰ። ከዚያ ወረደ። መንገድ የለቀቀለት የለም፤ ከላይ እስከ ታች እያንዳንዱን ሰው እየተሻገረ ወረደ። ወታደሮቹ ሳህናቸውን ልሰው ተከተሉት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ በርሜሉን ሲል ግብሩንም ሳይጭን ቀረ። ዞርዚስንም ረሱት። ዞርዚስ ባዶውን ወደብ ሲያይ ቆየና እናቱ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ፤ እሷም አንዴ በጥፊ ብላ አበላችው።

አኔዞ እርከኗ ሲነድ ታያለች። የሌፍተሪስ እጅ የጎነጎነው ቅርጫትም እዚያ ውስጥ ነበር። ሰው ሁሉ እሷን ያያል። ያኔ ያኩሚስ ተነሣ። ከበቅሎው ላይ አቁማዳውን አውርዶ በተገረፈው ጀርባው ተሸከመና ወደ ዋሻው መለሰው። ሲመጣ አኔዞ ቀድማው ዋሻው ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ያቺ ለጌታ ያልተነሣች ሴት ብድግ አለች።

«ኖር!» አለችው።

ያኩሚስ አንገቱን ደፋ። «በእግዜር» አለ። አቁማዳውን በርሜሉ ውስጥ ገለበጠ፣ ለቀሪዎቹም ተመለሰ።

በርሜሉ ሞላ። ጌታው በሚቀጥለው ዓመት ትልቅ መርከብ ላከ ይላሉ፤ ባሕሩ ለትልቅ መርከብም ወለል አላበቀለም። ኋላ ግብሩን ወሰደ፣ የበርሜሉን ነገር አላነሣም።

አኔዞ ግን በሚቀጥለው ዓመት ወደ ዋሻው አልመጣችም። ወይኗ ተቃጥሏል። ባዶ እጄን ምን ብዬ እገባለሁ ብላ ቤቷ ዋለች። ሰዎች ከየራሳቸው ጽዋ አመጡላት፣ «የሰው ጽዋ በባሌ ስም አልጨምርም» ብላ መለሰች። በተከታዩም ዓመት አልመጣችም። በሦስተኛው ዓመት ከአመዱ ሥር ቀጫጭን ሐረግ ወጣ። ተቀምጣ ጎነጎነችው። ባፈራ ጊዜ ያገኘችው አንድ ጭብጥ ነው፤ አሰጣችው፣ ረገጠችው፣ የወጣው ከእንቁላል ቅርፊት የማይበልጥ ነው።

በመጨመሪያው ቀን መንደሩ ሁሉ ዋሻው ውስጥ ነበር። ጳጳስም ከሌላ ደሴት መጥተው በክብር ተቀምጠዋል። አኔዞ ሰው ሳያየኝ ከኋላ ገብቼ ጨምሬ ልውጣ ብላ፣ ያቺን ትንሽ ጽዋ በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ ብላ ገባች። ያኩሚስ አያት። ብድግ አለ። ሚስቱም ተነሣች፣ ሸማኔው፣ ወንድማማቾቹ፣ ሁሉም ተነሣ። ጳጳሱ የመጣው ማን ትልቅ ሰው ነው ብለው እየዞሩ እሳቸውም ተነሡ። የዋሻው ጣሪያ ደግሞ ዝቅ ያለ ነው፣ ሲነሡ ሁሉም አናቱን ገጨ። ያን ቀን ያልገጨ የለም። አናታቸውን ይዘው፣ ዕንባቸው እየወረደ፣ «ኖር!» አሉ። ከመግጨቱ የመጣ ዕንባ ነው ያሉ ነበሩ። አኔዞ መልስ ለመስጠት ሞከረች፣ አቃታት። ሄዳ ጨመረችው።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓታችን ይኸው ነው። ሊወስድ ለሚመጣ በዚህ መንደር ማንም አይነሣም፤ ቀረጥ ሰብሳቢም ይምጣ፣ የዘመኑ ሹምም ይምጣ። የማይገባ ነገር የጠየቀን ሰው ካለ አንከራከርም፣ «አኔዞ ተቀምጣለች» እንለዋለን፣ ያውቀዋል። ለበርሜሉ ጽዋ ይዞ ለሚመጣ ግን፣ ለማኝም ቢሆን ልጅም ቢሆን፣ ጳጳሱም እኛም እንነሣለን። ጣሪያውን ከፍ አድርገን እንጥረበው ያሉ ነበሩ። እንቢ አልን። ወደ ውስጥ ስትገቡ ቀና ብላችሁ እዩት፣ ከበርሜሉ በላይ ያለው ድንጋይ በሰው አናት ለስልሷል።

ቆይ፣ ዝም በሉ። እዚያ በመንገዱ የምትመጣውን ሴትዮ አያችኋት? እጇ ላይ ያለውን አያችሁ? በሉ ወደ ውስጥ እንግባና ተቀምጠን እንጠብቃት። አንተ ባለ ኮፍያው፣ አመድህን ኋላ ታራግፈዋለህ። ስትነሣ አናትህን ብትገጭ እንዳይደንቅህ፣ ደግሞም ጮክ ብለህ በል፦

ኖር!